ትልቁ ካሜራ ወይስ ትንሹ? ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች የቀረበ ትምህርት

በሞያሌ፣ ከድንበሩ በየትኛውም በኩል፣ ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ሰርግ ለማንሳት የሚዘጋጅ ወጣት፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሳበት ትንሽ ቤት ለመክፈት ያሰበች ሴት፣ በዋልዳ ያሉ ዘመዶቹን ኑሮ በፎቶ ማስቀመጥ የሚፈልግ ተማሪ፣ ሁሉም ገንዘባቸውን ካጠራቀሙ በኋላ «ሌንሱ የሚፈታውን ትልቁን ልግዛ ወይስ ኪስ የሚገባውን ትንሹን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ለየትኛው ሥራ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለቱ ሲገናኙ መልሱ ብዙ አያስቸግርም።

ዋልዳን በስም ያነሳሁት በምክንያት ነው። በማርሳቢት ካውንቲ የምትገኘው ይህች ቦታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች የተጠለሉባት ካምፕ ነበረች። ከቤቱ የተነሳ ሰው ይዞት የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ጥቂት ውስጥ አይጠፋም። የእናት፣ የወንድም፣ የትዳር ቀን ፎቶ። ስለዚህ በዚህ አገር ፎቶ ማንሳትን መማር የጨዋታ ጉዳይ አይደለም፤ ዕቃውን በሚገባ አውቆ መምረጥም የዚሁ ሥራ የመጀመሪያ ክፍል ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንወቅ። ካሜራ ማለት ብርሃንን የሚሰበስብ፣ የሚመጥንና የሚመዘግብ ዕቃ ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ለየሥራውም የራሱ ክፍል አለ። ብርሃኑን የሚሰበስበው ሌንስ ነው። ሌንስ ስንል ተደራርበው የተቀመጡ ብርጭቆዎችን የያዘውን፣ ከፊት ካለው ነገር የመጣውን ብርሃን ወደ ውስጥ አሰባስቦ የሚያሳርፈውን ክፍል ማለታችን ነው። የሚመጥኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው አፐርቸር ይባላል፤ በሌንሱ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ሹተር ነው፤ ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ እንዲገባ የሚወስን መዝጊያ ነው። የሚመዘግበው ደግሞ ሴንሰር ይባላል። ሴንሰር ማለት ቀድሞ ፊልም በነበረበት ቦታ የተቀመጠ፣ ያረፈበትን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ስስ ገጽ ነው።

እነዚህ አራት ነገሮች በሁለቱም ዓይነት ካሜራ ውስጥ አሉ። «ትልቁ እውነተኛ ካሜራ ነው፣ ትንሹ መጫወቻ ነው» የሚለው አነጋገር ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው። ልዩነታቸው ክፍሎቹ በመጠናቸውና በአቀማመጣቸው የሚለያዩ መሆናቸው ነው።

ሌንሱ የሚፈታው ትልቁ ካሜራ ዲኤስኤልአር ይባላል። በውስጡ፣ ከሴንሰሩ ፊት፣ በሰያፍ የቆመ ትንሽ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና በመመልከቻው በኩል ዓይናችን ጋ ይደርሳል። መመልከቻ የምንለው ከካሜራው ጀርባ ላይ ዓይናችንን አስጠግተን የምናይባት ትንሽ መስኮት ናት። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሹተሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። የጀማሪ ዲኤስኤልአር የሚባለው ደግሞ ከዚህ ዓይነት ካሜራዎች መካከል በዝቅተኛው የዋጋ ደረጃ የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ካኖን 300ዲ ከ1,000 ዶላር በታች በመሸጡ ለዚህ ደረጃ በር ከፈተ። በ2018 የወጡት ካኖን 2000ዲ እና ኒኮን ዲ3500 የዚሁ ወገን ካሜራዎች ናቸው።

ትንሹ ካሜራ ኮምፓክት ይባላል። መስታወት የለውም፤ ሌንሱም ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይፈታም። የምናየው ምስል ሴንሰሩ የተቀበለው ሆኖ ከጀርባው ባለ ስክሪን ላይ ይታያል። ኮምፓክት ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በጣም ትንሽ ሴንሰር ያለው ተራ ኮምፓክት አለ፤ ከፍ ያለ ሴንሰር ያለው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 የሁለተኛው ወገን ምሳሌ ነው። ባትሪውን ጨምሮ ክብደቱ 240 ግራም ነው። ከሁለቱ ሌላ መስታወት የሌለው ግን ሌንሱ የሚፈታ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እሱን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወዋለን፤ ዲኤስኤልአርን በደንብ የተረዳ ሰው እሱን ለመረዳት አይቸገርም።

እንግዲህ እስካሁን ሦስት ዓይነት ካሜራ ለይተናል፤ ዲኤስኤልአር፣ ከፍ ያለ ኮምፓክትና ተራ ኮምፓክት። አሁን በመጠናቸው እናነጻጽራቸው።

የተራው ኮምፓክት ሴንሰር ስፋት ብዙውን ጊዜ 6.17 በ4.55 ሚሊ ሜትር ነው። የሶኒው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን 2000ዲ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ብታባዙት የመጀመሪያው 28፣ ሁለተኛው 116፣ ሦስተኛው 332 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የዲኤስኤልአሩ ሴንሰር ከተራው ኮምፓክት 12 ጊዜ ያህል፣ ከከፍተኛው ኮምፓክት ደግሞ 3 ጊዜ ያህል ይሰፋል ማለት ነው።

ይህ ስፋት ምን ይጠቅማል? ዝናብ ሲጥል ግቢ ውስጥ የተቀመጡ ሰፊ ገበቴና ጠባብ ጣሳን አስቡ። ዝናቡ አንድ ነው፤ የጣለበት ጊዜም እኩል ነው፤ ሲያባራ ግን ገበቴው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ይበልጣል። ሰፊ ሴንሰርም በተመሳሳይ ጊዜ የበለጠ ብርሃን ያጠራቅማል። ብርሃን በተትረፈረፈበት ቦታ ይህ ልዩነት ብዙ አይታይም፤ ጣሳውም ቢሆን ይሞላልና። ማታ፣ በሰርግ ድንኳን ውስጥ ወይም መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ውስጥ ግን ትንሹ ሴንሰር ያነሰ ብርሃን ይዞ ይገኛል። ያን ጊዜ ካሜራው አይኤስኦን ከፍ ያደርጋል። አይኤስኦ ማለት የተቀበለውን ደካማ ምልክት ምን ያህል አጉልቶ እንዲመዘግብ የሚወስነው ቁጥር ነው። ምልክቱ ሲጎላ ጉድለቱም አብሮ ይጎላል፤ በፊት ቆዳ ላይና በጥቁር ልብስ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይወጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ ሜጋፒክስል ስለሚባለው ነገር አንድ አፍታ እንቁም፤ ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ቁጥር እሱ ነውና። ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራበት አንዲት የቀለም ነጥብ ናት፤ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ በወርዱ 6,000 በቁመቱ 4,000 ነጥብ ይመዘግባል። ታዲያ ምን ያህል ያስፈልገናል? 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማሳጠብ 2 ሜጋፒክስል ያህል በቂ ነው። ለኤ4 ወረቀት 9 ያህል ይበቃል። ስለዚህ 20 ሜጋፒክስል ተራ ኮምፓክት ከ16 ሜጋፒክስል ዲኤስኤልአር ይበልጣል ብሎ መግዛት የነጥቡን ብዛት ከብርሃኑ ብዛት ጋር ማምታታት ነው። ቁጥሩ ምስሉን እስከ ምን ድረስ ማስፋት እንደምትችሉ ይነግራችኋል፤ የፊቱ ቀለም ጥርት ብሎ ይወጣ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ሰፊ ሴንሰር የበለጠ ብርሃን ይይዛል ካልን ዲኤስኤልአር ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው? አይደለም። ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ከማረፉ በፊት በአፐርቸሩ ማለፍ አለበት። የአፐርቸር ስፋት ኤፍ በሚል ምልክትና በቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ኤፍ 1.8 ሰፊ ነው፣ ኤፍ 5.6 ጠባብ ነው። ከጀማሪ ዲኤስኤልአር ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ሌንስ ብዙውን ጊዜ 18–55 የሚባለው ሲሆን፣ ሰፊውን ዕይታ ሲያሳይ ኤፍ 3.5፣ ዙም ተደርጎ ሲቀርብ ኤፍ 5.6 ድረስ ይጠባል። የሶኒው ኮምፓክት ሌንስ ግን በሰፊው ዕይታ ኤፍ 1.8 ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 3.5 ይልቅ በእያንዳንዱ የሴንሰር ክፍል ላይ 4 ጊዜ ያህል ብርሃን ያሳርፋል። የዲኤስኤልአሩ ሴንሰር 3 ጊዜ ቢሰፋም በዚህ ሁኔታ የሚያጠራቅመው ብርሃን ከትንሹ አይበልጥም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ያንሳል።

ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ትልቁን ካሜራ ይገዛል፣ ከካርቶኑ በወጣው ሌንስ የሰርግ ማታ ያነሳል፣ ምስሉም ብዥ ብሎ ወይም ነጠብጣብ ሞልቶት ይወጣል። ከዚያ «ካሜራው አይሠራም» ይላል። ካሜራው ይሠራል። የዲኤስኤልአር ጥቅም የተቀመጠው በአካሉ ትልቅነት ላይ ሳይሆን ሌንሱ የሚቀየር በመሆኑ ላይ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ሌንስ በካኖንም በኒኮንም በኩል ከሁሉ ርካሽ ከሆኑት መካከል ነው። ያን ሌንስ የገጠመ የጀማሪ ዲኤስኤልአር ከኤፍ 5.6 ይልቅ 10 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ለጉርድ ፎቶና ለአንድ ሰው ፎቶ ከሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ዙም የለውም፤ በጠባብ ክፍል ውስጥም ብዙ ሰው አይዝም፤ ለቡድን ፎቶ 18–55ቱ ያስፈልጋችኋል። ሌንስ ጨምሮ ለመግዛት የማያስብ፣ መቼም ቢሆን ሁለተኛ ሌንስ የማይገዛ ሰው ግን ትልቁን ካሜራ ለምን እንደሚሸከም ደግሞ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

የኒኮን ፈላጊዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የኒኮን ጀማሪ ካሜራዎች በአካላቸው ውስጥ ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር የላቸውም፤ የቆዩ ሌንሶች ቢገጠሙላቸውም ምስሉን ራሳቸው አያጠሩም (ፎከስ አያደርጉም)፤ በእጅ ማጥራት ያስፈልጋል። ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ተብሎ የተጻፈውን ምረጡ።

ያየነውን እናሰባስብ። የምስል ጥራት የሚወሰነው በነጥብ ቁጥር ሳይሆን ሴንሰሩ ላይ በሚደርሰው ብርሃን ነው። ያን ብርሃን የሚወስኑት ደግሞ የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ ቀዳዳ አንድ ላይ ሆነው ነው። ይህ በየትኛውም አገር እውነት ነው። ቀጥለን የራሳችንን አገር እንይ፤ ሞያሌ ካሜራን የምትፈትንበት የራሷ መንገድ አላትና።

የመጀመሪያው ፈተና ፀሐይ ናት። ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በመጋቢትና በመስከረም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሌሎቹም ወራት ከዚያ ብዙ አትርቅም። በዚህ ብርሃን የኮምፓክት ስክሪን ሊታይ አይችልም ለማለት ያስደፍራል። አንሺው ስክሪኑን በእጁ እየከለለ፣ ምን እንዳነሳ ሳያውቅ ይጫናል። የዲኤስኤልአር መመልከቻ ግን ዓይን የሚለጠፍበት ስለሆነ ብርሃን በበዛ ቁጥር ይብስ ጥርት ይላል። ውጭ በቀን ለሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የከብት ገበያ ወይም የትምህርት ቤት በዓል ለሚያነሳ፣ ይህ አንድ ጥቅም ብቻውን ትልቁን ካሜራ ሊያስመርጥ ይችላል። መመልከቻ ያላቸው ኮምፓክቶችም አሉ፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ከፀሐይዋ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የሰው ፊት ነው። በካሜራ ውስጥ ብርሃን ለኪ የሚባል መሣሪያ አለ። ብርሃን ለኪ ማለት ከፊት ያለው ነገር ምን ያህል ብሩህ እንደሆነ ገምቶ አፐርቸሩን፣ ሹተሩንና አይኤስኦውን የሚያስተካክል ክፍል ነው። ይህ መሣሪያ የሚያየው ነገር ሰው ይሁን ግድግዳ ለይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ፊት የሚለዩ አዳዲሶቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። ግምቱ አንድ ነው፤ ያየሁት ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚል። ስለዚህ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ያለውን ሰው ከነጣ ሰማይ ፊት ስታቆሙት ካሜራው ሰማዩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ይልና ምስሉን ያጨልማል። ሰማዩ አምሮ ይወጣል፤ ሰውየው ግን ዓይኑ እንኳ አይታይም። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ክፈፉን ስትሞላውም ነጩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፣ ፊቷም ይጨልማል። በተቃራኒው ጥቁር ፊትና ጥቁር ልብስ ብቻ ክፈፉን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያነጣዋል፤ የቆዳው እውነተኛ ቀለምና ወዝ ይጠፋል።

መድኃኒቱ በሁለቱም ካሜራ ላይ አለ። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ወይም ምርጫ ፈልጉ። ከጀርባ ያለው ሲበራ ወይም ልብሱ ነጭ ሲሆን ወደ መደመር፣ ክፈፉን ጥቁር ነገር ሲሞላው ወደ መቀነስ ውሰዱት። በአንድ እርምጃ ጀምሩ፣ ውጤቱን እዩ፣ አስተካክሉ። በዲኤስኤልአር ይህች ቁልፍ ጣት አጠገብ ናት፤ በብዙ ተራ ኮምፓክቶች ግን በምርጫ ዝርዝር ውስጥ ተደብቃ ትገኛለች፤ እስክትፈልጓት ሰውየው ይሰለቻል። እኔ ካሜራ ሲመረጥ ከሜጋፒክስሉ ይልቅ የዚህች ቁልፍ ቦታ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። የእኛን ሰው ፊት በክብሩና በቀለሙ ማውጣት የአንሺው ኃላፊነት ነው፤ ካሜራው በራሱ አያደርገውም። ከዚህ ጋር እኩለ ቀን ላይ ሰው ከማንሳት ተቆጠቡ፤ ፀሐይ ከአናት ስትወርድ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። የግድ ከሆነ ከግራር ጥላ ወይም ከቤት በረንዳ ሥር አቁሙት፤ ፊቱንም ወደ ብርሃኑ መልሱት።

ሁለተኛው ፈተና አቧራ ነው። ሌንስ የሚፈታ ካሜራ ሌንሱ በተፈታ ቁጥር አቧራ ሊገባበት ይችላል። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ በየፎቶው ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። «እንግዲያው የማይፈታው ኮምፓክት ይሻላል» ትሉ ይሆናል። እዚህም መለየት ያስፈልጋል። የኮምፓክት ሌንስ ሲበራ ወደ ፊት ይወጣል፣ ሲጠፋ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባና ሲወጣ በዙሪያው የተቀመጠውን አቧራ ይዞ ይገባል። አሸዋ ከገባበት ሌንሱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ከዲኤስኤልአር ሴንሰር ላይ አቧራን በእጅ የምትጨመቅ የአየር መንፊያ ማንሳት ይቻላል፤ ኮምፓክትን ግን ሳይፈቱት ማጽዳት አይቻልም። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባም ሆነ እስከ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ጥገና ቅርብ አይደለም። የዲኤስኤልአር ሌንስ ቢበላሽ ሌላ ይገጠማል፤ የኮምፓክት ሌንስ ቢበላሽ ካሜራው ራሱ ተበላሸ ማለት ነው። በአቧራ አገር ሌንስ መቀየር ካለባችሁ ካሜራውን አጥፉ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ በፍጥነት ቀይሩ። በላስቲክ ከረጢት መሸፈንም ከምንም ይሻላል።

የባትሪን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የዲኤስኤልአር መመልከቻ ኤሌክትሪክ ስለማይበላ ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል። በአምራቾች መለኪያ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ሙሌት ከ1,500 በላይ፣ ካኖን 2000ዲ 500፣ የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 ደግሞ 330 ያህል ፎቶ ያነሳል። መብራት በሚጠፋበት ከተማና ቻርጀር በማይገኝበት መንደር ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። የትኛውንም ብትገዙ ሁለተኛ ባትሪ ያዙ።

ሦስተኛው ጉዳይ ከዕቃው ይልቅ ሰውን ይመለከታል። ትልቅ ካሜራ ሲታይ ሰው ይለወጣል። አንዳንዱ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ይሸሻል፣ ሽማግሌዎች «ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ትንሹ ካሜራ ይህን ስሜት አይፈጥርም፤ ለቤተሰብ ፎቶ፣ ለጉዞ፣ ልጆች ሲጫወቱ ለማንሳት የተመቸው ለዚህ ነው። ነገር ግን አለመታየትና መፈቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካሜራው ትንሽ በመሆኑ ሰውየው አላየኝም ማለት ፈቀደልኝ ማለት አይደለም። የምስል ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከእኛው አካባቢ እንማራለን። ናይሮቢ ውስጥ የተወለደው ካሜራማን መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 በኮረም የቀረጸው የረሃብ ምስል ዓለምን አንቀሳቅሷል፤ በእነዚያ ምስሎች ውስጥ የታየው ሰው ግን ከዚያ ወዲያ በብዙዎች ዓይን የኢትዮጵያ ብቸኛ ገጽታ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል። ምስሉ እርዳታ አምጥቷል፤ ሸክምም አስከትሏል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ በዋልዳም ሆነ ከብት በሚጠጣበት የውኃ ጉድጓድ ዳር፣ በእጃችሁ ያለው ካሜራ ምንም ያህል ይሁን፣ ሰላምታ ስጡ፣ ጠይቁ፣ ያነሳችሁትንም አሳዩ። ቢቻል አሳጥባችሁ መልሱላቸው። የጸጥታ ኃይሎችን፣ ወታደራዊ ቦታንና የድንበር ኬላውን ያለ ፈቃድ አታንሱ።

አሁን «ለየትኛው ሥራ?» ወደሚለው እንመለስ። በካሜራ እንጀራውን ሊበላ ያሰበ ሰው፣ ማለትም ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ኒካህ የሚያነሳ ወይም ፎቶ ቤት የሚከፍት፣ ዲኤስኤልአር ይግዛ፤ ያውም ያገለገለ አካል ከ18–55 እና ከ50 ኤፍ 1.8 ጋር። በአዲስ አካል ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ሌንስ ከሚያጣ፣ አሮጌ አካል ገዝቶ ጥሩ ሌንስ ቢጨምር ሥራው ይሻሻላል። ለጉርድ ፎቶ ሌላም ምክንያት አለ። ፊት በጣም ከቀረበ ቦታ ሲነሳ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህን የሚያመጣው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። በ50ው ሌንስ ከተነሺው ሁለት ሜትር ያህል መራቅ ትገደዳላችሁ፤ መልኩም እንደ መልኩ ይወጣል።

ሥራው ጉዞ ለሆነ፣ ለሪፖርት ፎቶ ለሚያስፈልገው፣ ለቤተሰቡ ማስታወሻ ለሚፈልግ፣ ወይም ከባድ ዕቃ ሳይዝ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ከፍ ያለው ኮምፓክት ይበቃዋል፤ ቤት ከሚቀመጥ ትልቅ ካሜራ ይልቅ ኪስ ውስጥ ያለ ትንሽ ካሜራ የበለጠ ፎቶ ያነሳል። ተራውን ኮምፓክት በተመለከተ ግን ሐሳቤን በግልጽ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ደህና ስልክ ያለው ሰው እሱን እንዲገዛ አልመክርም። የሴንሰሩ መጠን ከስልክ ሴንሰር ብዙም አይለይም፤ የሚበልጠው ረጅም ዙም ስላለው ብቻ ነው። ዙሙ ለሥራችሁ ካላስፈለገ ገንዘባችሁን አቆዩ።

ገበያውን መረዳትም ይረዳል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዓለም ገበያ የተላኩት ዲጂታል ካሜራዎች 121 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ስልክ አብዛኛውን ቦታ ወሰደው። ካኖንና ኒኮን ከ2020 በኋላ አዲስ የዲኤስኤልአር ሞዴል አላወጡም። ይህ ለጀማሪ መልካም ዜና ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ብዙ ባለቤቶች መስታወት ወደሌለው አዲሱ ወገን ሲሻገሩ የቆዩት ካሜራዎችና ሌንሶች በቅናሽ ይሸጣሉ። ፎቶ የማንሳት ጥበብም ከካሜራው ጋር አብሮ አያረጅም። በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእሱ በኋላ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የቀጠሉት ልጆቹ ዛሬ ከምንጠቀምበት የትኛውም ካሜራ እጅግ ያነሰ አቅም ባላቸው መሣሪያዎች ሠርተዋል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ እንዴት ይፈተሽ? አራት ነገር ተመልከቱ። በመጀመሪያ ስንት ፎቶ እንዳነሳ ጠይቁ፤ የጀማሪ ዲኤስኤልአር ሹተር ብዙ ጊዜ 100,000 ያህል እንዲያነሳ ታስቦ የሚሠራ ስለሆነ ቁጥሩ ወደዚያ ከቀረበ ዋጋው በዚያው መጠን መውረድ አለበት። ቀጥላችሁ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ተመልከቱ፤ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ሦስተኛ፣ አፐርቸሩን ጠበብ አድርጋችሁ ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱና ምስሉን አጉሉት፤ ጥቁር ነጥቦች የሴንሰር አቧራ ናቸው፤ ጥቂት ቢሆኑ ይጸዳሉ፣ መስመርና ጭረት ከሆኑ ግን አይጸዱም። በመጨረሻ የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትሪውን፣ ፍላሹንና ሁሉንም ቁልፍ እዚያው ሞክሩ። ሚሞሪ ስትገዙም የተጻፈበትን መጠን በእርግጥ መያዙን በፎቶ ሞልታችሁ ፈትሹ፤ በላዩ 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበትና ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚይዝ የሐሰት ሚሞሪ በገበያው አለ። በእንዲህ ያለ ሚሞሪ ሰርግ ያነሳ ሰው የሌላውን ቤተሰብ ቀን ያጠፋል።

ድንበሩን ለሚሻገሩ አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተመረቀው የሞያሌ የአንድ መስኮት ድንበር ኬላ የሁለቱን አገሮች ጉምሩክ አንድ ላይ ያገናኘ ነው። ካሜራ ይዛችሁ ስትሻገሩ የግዢ ደረሰኙን ያዙ፤ በካሜራውና በሌንሱ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዕቃው ለግል ይሁን ለሥራ ሲጠይቋችሁ እንደሆነው ተናገሩ፤ መመዝገብ ካለበትም ስትወጡ ይመዝገብ፣ ስትመለሱ የናንተ መሆኑን ማስረዳት አትቸገሩም።